ከአካፋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ
(ስለ ገበሬዎች የአደጋ ድጎማ ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ጥናት)

የጎርፍ አደጋ በተሰማ ቁጥር ብዙ ጉባኤዎች አካፋና ጓንት ይዘው ለመሄድ ፈቃደኞች መሆናቸውን ይገልጹልናል። ስለዚህ እናመሰግናለን። ሆኖም አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንወዳለን፤ ያለ ጊዜው የገባ የደግ ሰው አካፋ ገበሬው ከመንግሥት የሚያገኘውን እርዳታ ሊያስቀርበት ይችላል።

በአሜሪካ በአይዋ ግዛት፥ በፍሪሞንት ካውንቲ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2019 የሚዙሪ ወንዝ የአፈር መከላከያውን ጥሶ የሃምበርግን ከተማና በዙሪያዋ ያለውን እርሻ አጥለቀለቀ። ገበሬዎቹ በቆሎና አኩሪ አተራቸውን በትልልቅ የብረት ጎተራዎች አስቀምጠው ነበር። እህሉ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጎተራዎቹ ፈነዱ። የጎርፍ ውኃ የነካው እህል ደግሞ ለሰው ምግብም ሆነ ለከብት መኖ ሊሸጥ አይፈቀድም። የሰብል መድን የሚሸፍነው ማሳ ላይ ያለውን እንጂ ጎተራ የገባውን አይደለም፤ ለጎተራ እህል የሚከፍል የመንግሥት ድጎማም በዚያን ጊዜ አልነበረም። ይህን ያካተተው የ19.1 ቢሊዮን ዶላር የአደጋ መርጃ ሕግ የተፈረመው በሰኔ ሲሆን፥ ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በመስከረም ነው። የባንክ ዕዳና የዘር ወጪ ግን ስድስት ወር ቆሞ አይጠብቅም።

ሌሎቹ ድጎማዎች ቀድሞውኑ የተቋቋሙ ናቸው። የሚያስፈጽማቸው የግብርና መሥሪያ ቤቱ የካውንቲ ቢሮ ነው፤ ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት ኮሚቴም አለ። ይህን አሠራር እንወደዋለን፤ የጎረቤቱን ማሳ የሚያውቅ ሰው ጉዳዩን ያያልና። በአየር ጠባይ አደጋ ለሞተ ከብት የሚከፈለው የአማካይ ገበያ ዋጋው 75 ከመቶ ነው። ፍርስራሽ ለማንሣት፥ ማሳ ላይ የተከመረ አሸዋ ለመጥረግና አጥር ለመሥራት የሚሰጠው ደግሞ ከወጪው እስከ 75 ከመቶ፥ ለጀማሪና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ገበሬ እስከ 90 ከመቶ ይሸፍናል። ቀሪው በገበሬው ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለማሳና ለአጥር የሚሰጠው ገንዘብ እንዲፈቀድ የቢሮው ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱን መጥቶ ማየት አለበት። ሃያ ወጣቶች ቅዳሜ መጥተው ማሳውን አጽድተው ቢሄዱ፥ ሰኞ የሚመጣው ሠራተኛ ምን ያያል? ከብትም እንዲሁ ነው። ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍ፤ ሬሳውን የወሰደው መኪና ደረሰኝ ይቀመጥ። ሰነዱ በጎርፍ ከሄደ፥ ከብቶቹን የሚያውቅና ከገበሬው ጋር የቤተሰብም የጥቅምም ትስስር የሌለው ሰው ያየውን በጽሑፍ ሊመሰክር ይችላል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ራሱ ያስባል ብለን አንጠብቅ። ብዙውን ጊዜ ሬሳውን ከዓይኑ ማራቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ቡድን ከመላካችሁ በፊት ገበሬውን «የካውንቲው ቢሮ ሰው መጥቶ አይቶልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። «አላየም» ካለ ማሳውን አትንኩ። ለተረፉት ከብቶች ድርቆሽ አቅርቡ፤ ፎቶግራፉን አንሡ፤ ቅጹን አብራችሁት ሙሉ፤ መኪናው በጎርፍ የተበላሸበትን እስከ ቢሮው አድርሱት። አጥሩን ለመሥራት ፈቃዱ ሲመጣ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ጋዜጠኞቹ ሄደዋል፥ የሰው እጅም ጠፍቷል።