ተሳቢህን ቤት ልታደርግ ለተነሳኸው

ልጄ፣ ያችን ዙሪያዋ በላሜራ የተዘጋች የጭነት ተሳቢ መኝታና ወጥ ቤት ያላት፣ በመኪና የምትጎተት ቤት ልታደርጋት መነሳትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አዳማ ውስጥ ላሜራ ስቆርጥ፣ ሻንሲ ስጠግንና ስበይድ ነውና የማውቀውን ላካፍልህ። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ ነው የሚሉህን አትስማቸው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከወንዙ ገደል አፋፍ ላይ የነበረው ከረዩ ሎጅ እንግዶቹን የሚያሳድረው በካራቫን ነበር። በኤንትሬ ፊያት አሰብ ድረስ ይመላለሱ የነበሩ ሾፌሮችም ጋቢናቸውን መኝታ፣ ከተሳቢው ሥር ያለውን ሳጥን ጓዳ አድርገው ኖረዋል። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ቢዞርም የብዙ ሾፌር ኑሮ ያው ነው።

የምልህ ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፦ በስምጥ ሸለቆ ምቾት ጥላና ነፋስ ነው። ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑና መጋረጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ገንዘብህንም ጉልበትህንም በዚሁ ቅደም ተከተል አውጣ።

1. ከሥር ጀምር። አንድም ጣውላ ሳትቆርጥ በክሪክ አንሳት፣ ደህና አድርገህ ደግፋት፣ መብራት ይዘህ ከሥሯ ግባ። መጎተቻው ከሻንሲው ጋር የተበየደበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። ቀለም ተቀብቶበት የተደበቀ ስንጥቅ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ሆኖ ይታይሃል። ጎማውን በእጅህ አሽከርክርና ጆሮህን አስጠጋ፤ ካጉረመረመ ኩሽኔታው አልቋል። የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ላይ አንብብ። በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ይፈነዳል። ባሌስትራውም የተሠራው ለከባድ ጭነት ነው። ቤቷ ቀላል ስትሆን እንደ ድንጋይ ይደርቅና ዕቃህን ሁሉ ያራግፍብሃል፤ ስለዚህ አንድ ቅጠል ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነ ከባለሙያ ጋር ተመካከር።

2. ሊብሬውን አስቀድም። ሰሌዳዋ፣ ሊብሬዋና በላዩ የተጻፈው የአካል ዓይነት ከምትሠራው ጋር መስማማት አለበት። ለውጡን ከመጀመርህ በፊት ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አመልክትና ፈቃዱን በወረቀት ያዝ። ሥራው ካለቀ በኋላ መሟገት አድካሚ ነው።

3. ክብደቱን በወረቀት ላይ ደምር። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይደናቀፋሉ፤ ለቪላ የሚሆን ቁም ሳጥን ተሳቢ ውስጥ ያስገባሉ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የ9 ሚሊው ግማሹን ነው። ቺፑድ በተመሳሳይ ውፍረት ከኮምፔንሳቶ ይከብዳል፣ ውሃ ሲነካውም ያብጣልና ተወው። አልጋውን በቀጭን ቱቦላሬ ሠርተህ ላዩን በ9 ሚሊ ሸፍነው። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነውና ታንከሩን ከአክስሉ በላይ፣ ወለሉን አስጠግተህ እሰረው።

ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መጎተቻው ጋንቾ ላይ ይረፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢዋ በፍጥነት መንገድ ላይ ጅራቷን መወዝወዝ ትጀምራለች፤ አንዴ ከጀመረች ደግሞ ጎታቹን መኪና ይዛ ትዞራለች። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች ኮረብታዎቻችን ላይ የቆሙት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ የተሳቢህን ሰፊ ጎን እንደ ሸራ ይገፋዋል። ሲበረታ ቀስ በል፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ ከባድ መኪና ስታልፍ ወይም ሲያልፍህ ተጠንቀቅ።

4. ጥላውን ሥራ። መተሐራ በሚያዝያ ቀትር ላይ ላሜራ በእጅ አይነካም። ያ ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይገባ በሦስት በር ዝጋበት።

መጀመሪያ ጣሪያውን ነጭ ቀባው። ጥቁርና ቡናማ ቀለም ያምራል፣ ግን ፀሐይን ይጠጣል። ቀጥለህ በጣሪያው ላይ ሌላ ቀላል ጣሪያ አንሳ፤ ቀጭን ቆርቆሮም ሆነ ሸራ ይሁን፣ ከዋናው ጣሪያ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በመካከሉ አየር ይለፍ። ፀሐዩ የላይኛውን ይመታል፣ ነፋሱ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስዳል፣ የታችኛው ጥላ ውስጥ ይውላል። የፀሐይ ኃይል ፓነልህንም እዚያው ላይ ብታስቀምጠው ሁለት ሥራ ይሠራልሃል። ሦስተኛው የግድግዳው ነገር ነው። በላሜራውና በውስጠኛው ኮምፔንሳቶ መካከል ለሕንፃ የሚሠራውን ጠንካራ ነጭ ፎም ሙላ። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ግድግዳ ውስጥ አታስገባ፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ኮምፔንሳቶውን በቀጥታ በብረቱ የጎን አጥንት ላይ አትምታው፤ ብረቱ ሙቀቱን ተሸክሞ ያስገባዋል። አጥንቱ ላይ የእንጨት ሞራሌ እሰርና ኮምፔንሳቶውን በሞራሌው ላይ ምታ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አየር ከሌለ ድካምህ ባዶ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ አንዱን መስኮት ዝቅ አድርገህ በጥላው ጎን፣ ሌላውን መውጫ ጣሪያው ላይ ክፈት። ሁሉም ላይ ድርና ማግ የመሰለ ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ መከላከያ መረብ ይግባ። ወንጂም፣ መተሐራም፣ ባቱም ወባ አለ። መስኮቱን ከፍተህ መተኛት ካልቻልክ የሠራሃት ቤት ምድጃ ሆነች ማለት ነው።

5. ቀዳዳ ፈልግ። ቀትር ላይ ውስጥ ግባና በሩን ዝጋ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆይ። ብርሃን የምታይበት ነጥብ ሁሉ አቧራና ዝናብ የሚገባበት ነው፤ በጠመኔ ምልክት አድርግና በሲልከን ድፈነው። ተሳቢ ስትሮጥ ከኋላዋ አየሩ ይሳሳል፣ የኋላው በርም ያንን የስምጥ ሸለቆ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይስባል። በኮረኮንች መንገድ ስትጓዝ ከፊት ለፊት ያለውን ትንሽ የአየር ማስገቢያ በወንፊት ጨርቅ ሸፍነህ ክፈተው፤ ውስጡ በአየር ሲሞላ አቧራው ከኋላ መግባት ይሳነዋል።

6. ከሰል ውስጥ አይግባ። ልጄ፣ ይህን ስጽፍ እጄን በልቤ ላይ አድርጌ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልተነሱ ቤተሰቦችን ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ይዝላል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ደህና ሆነ ብለህ አትታለል፤ መርዙ ያኔም ይወጣል። ጥቂት ካሬ ሜትር ባላት ተሳቢ ውስጥ ደግሞ አየሩ ወዲያው ያልቃል።

ቡና እንዳይቀር አውቃለሁ፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ለዚህ ነው ከበሩ ጎን የሚዘረጋ ሸራ ሥራ የምልህ። ሁለት ምሶሶ፣ አንድ ሸራ፣ ሥሩ ረከቦቱና ምድጃው፤ እናትህም ጭሱ ወደ ሜዳው እየሄደላት ተረጋግታ ታፈላለች። ሲመሽ ፍሙን በውሃ አጥፍታ፣ ምድጃውን ውጭ ትታ ትግባ። ቡታጋዙንም ሲሊንደሩን ውጭ፣ መጎተቻው ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከሳጥኑ ግርጌ መተንፈሻ ቀዳዳ ብሳ። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ ሰው ሾልኮ የሚወጣበት ከውስጥ የሚከፈት መስኮት ይኑር። በሩ አንድ ብቻ ከሆነና እሳቱ በበሩ በኩል ከተነሳ ሌላ መውጫ የለህም።

7. ውሃውን ከየትም አትቅዳ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በአካባቢያችን ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ወንጂ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ መሆኑ ከዚሁ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያጠነክረዋል። የመጠጡን ከአዳማ ቧንቧ፣ ከአዋሽ ተጣርቶ ከሚመጣው ሞልተህ ሂድ።

8. የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ራስህ ሥራ። የ100 ዋት ፓነል በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 500 ዋት ሰዓት ይሰጥሃል። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ 1,200 ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀም። 20 ዋት የሚበላ ማራገቢያ ሌሊቱን አሥር ሰዓት ቢዞር 200 ነው። መብራትና ስልክ ሲጨመር ይበቃሃል። የኤሌክትሪክ ምጣድን እርሳው፤ እሱ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ፊውዙን ከባትሪው አፍ አጠገብ አድርግ።

9. ጨው ከነካት እጠባት። ሻላና አብያታ ዳር ከቆምክ፣ ወይም መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅን ተሻግረህ ውሃው ከረጫት፣ በዚያው ቀን ከሥር በንጹሕ ውሃ እጠባት። በየዓመቱ እየሰፋ መንገዱን ሲያስጨንቅ የኖረው የበሰቃ ውሃ ላሜራ ይበላል።

10. ከማደርህ በፊት ፍቀዱልኝ በል። ፓርክ ከሆነ በሩ ላይ ክፍያህን ፈጽምና ስካውት ያዝ። ከፓርክ ውጭ ያለው ሜዳ ባዶ መስሎ ቢታይህም የሰው ግጦሽ ነው፤ መተሐራ አካባቢ የከረዩ፣ ላንጋኖና ሻላ ዙሪያ የአርሲ ኦሮሞ አባቶች አሉበት። መኪናህን ራቅ አድርገህ አቁም፣ ውረድ፣ ሽማግሌ ፈልግ፣ ሰላምታህን ሳታቻኩል ስጥ። በከብቶቹ የውሃ መንገድ ላይ አትስፈር።

11. ልኩን ጻፈው። የቆረጥከውን፣ የመዘንከውን፣ የከፈልከውን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍርና ለሚጠይቅህ አሳይ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል። ያኔ ጥላና አየር ያላት፣ በአንድ ፒክ አፕ ተጎትታ የምትደርስ ክፍል ለአንዲት አራስ ምን ያህል በጠቀመቻት እያልኩ አስቤአለሁ። ይህን ሥራ የሚችሉ በያጆች በየከተማችን አሉ፤ የጎደላቸው የተፈተነ ልክ ነው።

12. የመጀመሪያ ጉዞህን ሶደሬ አድርገው። ላንጋኖ ይቆይህ። ሶደሬ ቅርብ ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ አዳማ ያለው ጎሚስታም ሜካኒክም ይደርስልሃል። መንገድ አጋማሽ ላይ ዳር ያዝና የእጅህን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጋ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቅ፣ የጋንቾውን ሰንሰለት እይ፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ሰው አቁመህ አስፈትሽ። ከዚያ ግባና እደርባት፤ ሌሊት የሚንቋቋውን፣ የሚያፈሰውን፣ የሚሞቀውን ሁሉ እዚያው መዝግበህ ጠዋት ጋራዥ ይዘሃት ና።