በጨለማ ወር የሚበራ ሻማ

ታኅሣሥ በእኛ አገር የመከር ወር ነው። እህል ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ይለቀለቃል። ሌሊቱ ቢበርድም ቀን ቀን ፀሐይ አለች። ታዲያ ስዊድን የሚኖር ልጃችን በዚሁ ወር ስልክ ደውሎ፣ «እዚህ ክረምት ነው፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል» ቢለን እንገረማለን። «ደግሞ በታኅሣሥ ምን ክረምት አለ?» እንላለን። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ስዊድን በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ስሟ ለእኛ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት በስዊድን እርዳታ የተቋቋመ ነበር።

የእነርሱ ክረምት ምን ዓይነት ነው?

እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ነው። እነርሱ ክረምት የሚሉት የብርዱን፣ የበረዶውንና የጨለማውን ወራት ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞረው ዘንበል ብላ ነው። በታኅሣሥ የሰሜኑ ጫፍ ከፀሐይ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ስለዚህ በዚያ በኩል ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ ይረዝማል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቀንም።

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ጧት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የቀኑ ርዝመት 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሰሜን ጫፍ በምትገኘው በኪሩና ከተማ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም።

እንዲህ ያለ ጨለማ ሰውን ይጫነዋል። ብርሃን ሲያንስ ድካምና ድብርት የሚይዛቸው ሰዎች አሉ። ከዘመድ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይብስበታል። ብርዱ ሁሉንም ቤቱ ያስገባዋል፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው።

የሉሲያ በዓል

የስዊድን ሕዝብ ለዚህ ጨለማ መላ አበጅቷል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ቀን ገደማ የሉሲያን በዓል ያከብራል። ሉሲያ በኢጣልያ አገር፣ በሲሲሊ ደሴት የነበረች ሰማዕት ናት። የሞተችው እኛም በምናውቀው በንጉሡ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ነው።

በዚያን ቀን ገና ሳይነጋ አንዲት ልጃገረድ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በቀይ መቀነት ታጥቃ፣ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ ትወጣለች። ሌሎች ልጆች ሻማ ይዘው እየዘመሩ ይከተሏታል። ዛሬ በብዙ ቦታ በሻማው ፈንታ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መብራት ይደረጋል፤ ፀጉር እንዳይቃጠል ነው። ከዚያ ቡና ይጠጣል። ሳፍሮን በሚባል ቅመም ቢጫ የሆነና ዘቢብ የተደረገበት ዳቦ ይበላል። ይህ ሥርዓት በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታና በሆስፒታል ሁሉ ይደረጋል።

ለምን በዚያ ቀን ሆነ? ቀድሞ በነበረው የዘመን አቆጣጠር ያች ሌሊት ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ረጅሟ ናት ይባል ነበር። ስዊድን በ1753 አቆጣጠሯን ስታርም 11 ቀን ዘለለች፤ በዓሉ ግን በስሙ ቀን ቀረ። የጥንት ገበሬዎች በዚያች ሌሊት ከብቶች እንደ ሰው ይናገራሉ ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ለከብቶቻቸው ከወትሮው የበለጠ መኖ ይሰጡ ነበር።

በገናቸውም ጊዜ ደስ የሚል ልማድ አላቸው። የአጃ ነዶ በእንጨት ላይ አስረው ውጭ ያቆማሉ። በረዶ ምድሩን ሲሸፍነው ወፎች የሚለቅሙትን ያጣሉና፣ ነዶው የእነርሱ ድርሻ ነው።

የእኛ ልጆችስ?

«ልጃችን የሰው አገር በዓል ካከበረ የራሱን ጣለ ማለት ነው?» ብለው የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። እስቲ እናስብ። እኛም ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም 16 ቀን ደመራ እናበራለን። ጎረቤት መጥቶ ከእሳቱ ዳር ቢቆም፣ ዳቦ ቆርሰን ብንሰጠው፣ እምነቱን ወሰድንበት አንልም። እንግዳ ተቀበልን እንላለን እንጂ። የሉሲያ ቡናም እንዲሁ ነው። በጨለማ ጧት «ና፣ ግባ» የሚል ሰው ማግኘት ለስደተኛ ትልቅ ነገር ነው።

የራሱም በዓል አይቀርበትም። እነርሱ ገናን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 15 እና 16 ቀን ነው። የገና ዛፋቸውን ከቤት የሚያወጡት ግን በጥር 5 ቀን ገደማ ነው። የእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ በመካከል ይውላል። በዋዜማውም በስዊድን የሥራ ዝግ ቀን ነው። ስለዚህ የአገራችን ሰዎች ተሰብስበው ሌሊቱን ለመቆም ይመቻቸዋል። ያን ጊዜ ቡና የሚያፈላውና ጎረቤቱን የሚጠራው ተራው የእኛ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልጃችን ከሩቅ አገር ሲደውል «ገንዘብ አለህ ወይ?» ብቻ ብለን አንጠይቀው። «ጨለማው እንዴት ነው? ማን ቡና ጠጣ ብሎ ጠራህ? አንተስ ማንን ጠራህ?» ብለንም እንጠይቀው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በታኅሣሥ በስዊድን ቀኑ የሚያጥረው ለምንድን ነው?
2. የጥንት የስዊድን ገበሬዎች በሉሲያ ሌሊት ለከብቶቻቸው ምን ያደርጉ ነበር?
3. በሰፈራችን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢኖር በየትኛው በዓላችን እንጠራዋለን? ተወያዩበት።