ከባድ ጌም ለምን ይጠበቃል? ተጀምሮስ ለምን አይተውም? የ«ኤልደን ሪንግ» ጉዳይ

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ስለ ቪዲዮ ጌም መጻፍ ለአንዳንዶቻችን ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛ ሰፈር ጌም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ሰው ጆይስቲክ ይዞ ዐሥሩ ከኋላ ቆሞ የሚጮህበት፣ በአብዛኛው ኳስ ብቻ የሚታይበት ቤት ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ግን ሌላ ዓይነት ጌም ነው። ብዙውን ጊዜ ብቻ የሚጫወቱት፣ በአንድ ቁጭታ የማያልቅ፣ ለአንዳንዱ ከመቶ ሰዓት በላይ የሚወስድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋቹን ደጋግሞ እየገደለ የሚያስተምር ጌም ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ጠብቆ፣ ለመሸነፍ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? አንድ መምህራችን ስጫወት አይተው «ልጄ፣ ይኼ ጨዋታ ነው ወይስ ቅጣት?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱም ለሶፍትዌር ተማሪ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የጌም ክብደት ከሰማይ የወረደ ነገር ሳይሆን ሰው በኮድና በቁጥር የሠራው ነገር ነው።

አስቀድሞ ስለ ዓይነቱ። አክሽን ሮል ፕሌይንግ የሚባለው ጌም ሁለት ነገር ያጣምራል። በአንድ በኩል የእጅ ፍጥነትና ጊዜን መለካት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ገጸ ባሕርይው በቁጥር ያድጋል፤ ጉልበቱ፣ ዕድሜው፣ የአስማት ችሎታው በነጥብ ይሰፈራል። እንግዲህ ተጫዋቹ አንድን ጠላት ማለፍ ሲያቅተው ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው፤ ወይ ራሱ ይማራል፣ ወይ ገጸ ባሕርይውን ያሳድጋል። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ጉዳይ ያለው እዚች ጋ ነው።

ከየት መጣ?

ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን መጀመሪያ ላይ ይሠራ የነበረው የቢሮ ሶፍትዌር ነበር። የመጀመሪያ ጌሙን «ኪንግስ ፊልድ»ን በ1994 አወጣ። ሂዴታካ ሚያዛኪ የሚባለው ሰው በ2004 ወደ ኩባንያው ሲገባ ዕድሜው ሠላሳ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ ከዚያ በፊት ኦራክል ውስጥ ይሠራ ነበር። (የዳታቤዝ ኮርስ ለሚያማርራችሁ ይህ መጽናኛ ይሁናችሁ።) እሱ የመራው «ዲሞንስ ሶልስ» በየካቲት 2009 ጃፓን ውስጥ ወጣ። በጊዜው ከሶኒ ታላላቅ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ሹሄይ ዮሺዳ ጌሙን ሁለት ሰዓት ያህል ሞክሮ ገና ከመነሻው አካባቢ አለመራቁንና መጥፎ ጌም ነው ብሎ መደምደሙን ራሱ በይፋ ተናግሯል። ሶኒ በሰሜን አሜሪካ ሳያሳትመው ቀረ፤ አትለስ የተባለ ሌላ ድርጅት በዚያው ዓመት አሳተመው። ጌሙም በአፍ በአፍ እየተነገረ ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ «ዳርክ ሶልስ» በ2011፣ «ብለድቦርን» በ2015፣ «ሴኪሮ» በ2019 ተከተሉ።

ይህ ታሪክ ያስፈለገው ጥበቃውን ለመረዳት ነው። ስለ «ኤልደን ሪንግ» በሰኔ 2019 ሎስ አንጀለስ በተደረገው የኢ3 ትርዒት ሲነገር የታየው አጭር ፊልም ብቻ ነበር። ስለ ጨዋታው ራሱ የታየ ነገር አልነበረም። የዓለሙን ጥንታዊ ታሪክ ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እንደጻፈው ተገለጸ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ 2021 ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዝም ተባለ ማለት ይቻላል። የሚገርመው፣ ምንም ሳይታይ በ2020 «እጅግ የሚጠበቅ ጌም» የሚለውን ሽልማት ወሰደ፤ በ2021ም ደገመው። ተጫዋቾቹ ጥበቃው ሲሰለቻቸው የሌሉ ጠላቶችን፣ የሌሉ መሣሪያዎችን፣ የሌለ ታሪክ ፈጥረው እውነት አስመስለው ያወሩ ጀመር። ሕዝብ ዜና ሲያጣ ወሬ ይሠራል ይባል የለ?

ጌሙ ለጥር 21 ቀን 2022 ተቀጥሮ ነበር፤ በጥቅምት 2021 ወደ የካቲት 25 ተዛወረ። በኅዳር ወር ለተመረጡ ሰዎች ለጥቂት ቀናት የኔትወርክ ሙከራ ተደረገ።

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ይጠብቅ የነበረው ምንን ነው? የኳስ ጌም የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘውን ያውቃል፤ ያው ሜዳ፣ አዲስ ማልያ። ከባድ ጌም የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያገኘውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሠሪው እንዴት እንደሚያስተናግደው ነው። ቀደም ካሉት ጌሞች በመነሣት ሦስት ነገር እርግጠኛ ሆኖ ይጠብቃል። ማንም እጁን ይዞ አይመራውም። ሲሞት ምክንያቱን ራሱ ማግኘት ይችላል። ምክንያቱን ካገኘ ደግሞ ማለፍ ይችላል። በእኔ አስተያየት የጥበቃው ጉልበት ያለው በዚህ ያልተጻፈ ውል ላይ ነው። ውሉ ባይኖር ኖሮ ክብደት ብቻውን ማንንም አያስጠብቅም፤ ከባድና መጥፎ የሆኑ ጌሞች ሞልተዋል፣ ማንም አልጠበቃቸውም።

ጨዋታው በውስጡ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ጠላት ሲመታ እንቅስቃሴው ሦስት ክፍል አለው፤ መሣሪያውን የሚያነሣበት፣ ምቱ የሚያርፍበት፣ ከመታ በኋላ የሚያርፍበት። ተጫዋቹም እንዲሁ ነው። አንዴ ቁልፍ ከተጫናችሁ ሰይፉ እስኪጨርስ መልሳችሁ መጥራት አትችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁልፍ ውሳኔ ነው። ማምለጫው መንከባለል ነው፤ ሲንከባለሉ ከግማሽ ሰከንድ ለሚያንስ ጊዜ ምንም ምት አይነካም። በዚያች ቅጽበት በምቱ ውስጥ ማለፍ ይቻላል። ብዙ ጀማሪ ግን ከምቱ ለመራቅ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ጠላቱም በሁለተኛው ምት ይደርስበታል።

በዚህ ላይ የትንፋሽ መጠን አለ። መምታትም፣ መንከባለልም፣ በጋሻ መመከትም ከአንድ ቋት ይቀንሳሉ። የተሸከሙት ዕቃ ክብደትም ይቆጠራል። ከችሎታቸው 30 በመቶ በታች ከሆነ አንከባለሉ ቀላል ነው፤ እስከ 70 በመቶ ድረስ መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ጆንያ ነው የሚወድቁት። እዚህ ላይ የሚያስገርመኝ፣ ሕጎቹ ጥቂት ሆነው ሳለ ከነሱ የሚወጣው ውጤት ብዛት ነው።

ማርጊት የሚባለውን እንውሰድ። ወደ ስቶርምቬል ቤተ መንግሥት በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ፣ ብዙ ሰው ጌሙን ዘግቶ የተነሣበት ቦስ ነው። እኔን ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ማርጊት ዱላውን ያነሣል፤ እኛም ዕድሜ ልካችንን በሌሎች ጌሞች እንደለመድነው ሲያነሣ እንንከባለላለን። እሱ ግን ዱላውን አየር ላይ ያቆየዋል። ተንከባልለን ስንነሣ ያኔ ያወርድብናል። መድኃኒት ለመጠጣት ከራቅን ደግሞ ከብርሃን የተሠራ ጩቤ ይወረውራል። ሕይወቱ ሲቀንስ መዶሻ ያወጣና ሁሉንም ሕግ ይለውጣል።

በአውቶማታ ኮርስ የተማርነውን ለሚያስታውስ፣ ማርጊት ከውጭ ሲታይ ልክ እንደ ውስን ሁኔታ ማሽን ነው። ርቀት፣ የእኛ ድርጊትና የቀረው ሕይወት እንደ ግብዓት ይገባሉ፤ የሚቀጥለው ምት ይወጣል። ፍጹም የሚገመት አይደለም፣ ከጥቂት አማራጮች ግን አይወጣም። ተጫዋቹ በየሞቱ የሚሠራው ይህን ሥዕል መሳል ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ሥዕሉ ባዶ ነው። በሁለተኛው ሌሊት የትኛው ምት እንደሚዘገይ ታውቋል። በሦስተኛው ላይ እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ አንጎል ሥራውን ጨርሶ ይቀመጣል። በላብ ውስጥ የማይሠራ ፕሮግራም ይዞ ያደረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ሞት ዋጋ ካልነበረው ግን ይህ ሁሉ ሥዕል አይሳልም ነበር። ጠላት ሲገደል ሩን የሚባል ነገር ይገኛል፤ ገንዘብም ነው፣ ማደጊያም ነው። ሲሞቱ የያዙት በሙሉ በወደቁበት ቦታ ይቀራል። ተመልሰው ከደረሱ ያነሡታል፤ መንገድ ላይ ዳግመኛ ከሞቱ ለዘለዓለም ጠፋ። በኪሳችሁ 5000 ሩን አለ እንበል፤ ማደጊያው 6000 ይፈልጋል። ወደ ፊት ትሄዳላችሁ ወይስ ትመለሳላችሁ? የእያንዳንዱ ሰው መልስ ጠባዩን ይናገራል። ጌሙ በየጥቂቱ ራሱ ስለሚመዘግብ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ አይቻልም። መብራት ሲሄድ እንኳ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፍትሐዊ ነው ወይ?

ጌሙ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ 12 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡ ተገለጸ፤ በታኅሣሥ 2022 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ይህ ግን ከነቀፋ አያድነውም።

አንደኛው ነቀፋ ቴክኒካዊ ነው። በኮምፒውተር የወጣው ቅጂ በሰከንድ ከ60 ፍሬም አያልፍም፤ አንድ ፍሬም ወደ 17 ሚሊሰከንድ ነው ማለት ነው። ሲወጣ ግን እየተንተባተበ የብዙ ሰው ቅሬታ ሆኖ ነበር። በተራ ጌም ይህ ያስጠላል እንጂ አይገድልም። ጊዜን በመለካት ላይ በቆመ ጌም ግን ፍሬም ሲዘል የተማራችሁት ይበላሻል፤ ሞታችሁ ምክንያቱ እናንተ ናችሁ ወይስ ማሽኑ ለማወቅ አይቻልም። ያ ያልተጻፈ ውል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ክብደትን ከብልሽት የሚለየው ይኸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው የቀላል ደረጃ ጥያቄ ነው። ጌሙ «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚል ምርጫ የለውም። በ2019 «ሴኪሮ» ሲወጣ በዚህ ጉዳይ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ በተለይ እጃቸው እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው ሰዎች ምን ይሁኑ? የሚለው። «ኤልደን ሪንግ» የሰጠው መልስ ግማሽ መልስ ነው። ዓለሙ ክፍት ስለሆነ ማርጊት ካቃታችሁ ትታችሁት ወደ ደቡብ ወርዳችሁ አድጋችሁ ትመለሳላችሁ። የሚዋጉላችሁን መናፍስት መጥራት፣ ሌላ ተጫዋች መጋበዝ፣ ከሩቅ በአስማት መምታት ይቻላል። ቀላል ደረጃው አለ፤ ስሙ አልተጻፈም እንጂ። እንደኔ እንደኔ ይህ ከአንድ ሜኑ የተሻለ ንድፍ ነው፤ ዓይኑ ወይም እጁ ለደከመ ሰው ግን አይበቃም። የምት ፍጥነትን የሚቀንስ ምርጫ ቢጨመር የሌላው ሰው ጨዋታ ምን ይጎዳል? አሳማኝ መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

ክብደት ቁጥር መሆኑን ለሚጠራጠር፣ በሰኔ 2024 የወጣውን «ሻዶው ኦቭ ዘ ኤርድትሪ» የተባለ ማስፋፊያ ይመልከት። ብዙ ሰው ከመጠን በላይ ከበደን ብሎ ጮኸ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ተጫዋቹን የሚያጠነክረው በረከት በመጀመሪያ ደረጃዎቹ ላይ የበለጠ እንዲሠራ አስተካከለ። ጠላቶቹ ያው ናቸው፤ የተነካው ማባዣው ነው። ከማስፋፊያው በፊት ማሌኒያ የምትባለው ቦስ ተመሳሳይ ጩኸት አስነሥታ ነበር። እሷ በመታች ቁጥር፣ በጋሻ ብትመክቷት እንኳ፣ ራሷ ትድናለች፤ ጋሻ የለመደ ተጫዋች የተማረው ሁሉ እዚያ ይከዳዋል።

ሦስተኛው የኛ ጉዳይ ነው። ጌሙ ቢያንስ 12 ጊጋባይት ሚሞሪና 60 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ሲወጣ ዋጋው 60 ዶላር ነበር። የብዙዎቻችን ላፕቶፕ አይሸከመውም፤ 60 ጊጋባይት ማውረድም ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ለናንተ አልነግራችሁም። እዚህ ከባዱ ቦስ ከማርጊት በፊት ነው ያለው።

ለሚጀምሩ

ማሽኑን ላገኘ ሰው ጥቂት ምክር። ስትጀምሩ ከሚቀርቡት ዐሥር መነሻዎች ቫጋቦንድን ወይም ሳሙራይን ምረጡ፤ «ረች» የሚባለው ራቁቱን በዱላ የሚወጣ ነው፣ ለሁለተኛ ዙር ይቆያችሁ። ከዋሻው እንደወጣችሁ በፈረስ የሚዞር የወርቅ ጦረኛ ታያላችሁ። እሱን ለመምታት አትቸኩሉ፤ እዚያ የተቀመጠው ትቶ መሄድ የሚባል ነገር እንዳለ እንድታውቁ ነው። በስተጀርባው ባለው ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን ነጋዴ አለ፤ የመሥሪያ ዕቃውን ግዙት። ፈረስ እስክታገኙ ድረስ ሩቅ አትሂዱ። የመጀመሪያ ነጥቦቻችሁን ሰይፍ ማሳደጊያ ላይ ሳይሆን ሕይወት በሚያረዝመው «ቪገር» ላይ አውሉ፤ አንድ ምት ተጨማሪ መቆም ከቻላችሁ አንድ ምት ተጨማሪ ታያላችሁና። ማርጊት ጋ ስትደርሱም ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሙከራዎች ጭራሽ አትምቱት፤ ዝም ብላችሁ እየተንከባለላችሁ የትኛው ዱላ እንደሚዘገይ ቁጠሩ።