የወታደር ስንቅ ገዝቶ መሸጥ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የአሜሪካ ጦር የታሸገ ስንቅ በካርቶን እየገዛሁ በኢንተርኔት ብሸጥ ሕግ ይጠይቀኛል? ካርቶኑ ላይ «የመንግሥት ንብረት፤ ለንግድ መሸጥ ሕገወጥ ነው» የሚል ተጽፏል።

መልስ፦ ጽሑፉ ብቻውን ሕግ አይደለም። ይህን ስንቅ መሸጥን ለይቶ የሚከለክል የፌዴራል ድንጋጌ የለም፤ ኢቤይ ላይ ለዓመታት ሲቸበቸብ የኖረውም ስለዚህ ነው። የሚያስጠይቅዎት ዕቃው ከማን እጅ፣ እንዴት እንደወጣ ነው። በፌዴራል ሕግ ርዕስ 18፣ አንቀጽ 641 መሠረት የመንግሥትን ንብረት የሰረቀ ወይም ያለ ሥልጣን የሸጠ ይቀጣል፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ለጥቅሙ የተቀበለም እንዲሁ። ዋጋው ከ1,000 ዶላር ካለፈ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል።

«ወታደሩ የተሰጠውን መብላት ከቻለ ለምን አይሸጠውም?» የሚሉ አሉ። ስንቁ የተሰጠው ግዳጅ ላይ እንዲመገበው እንጂ እንዲነግድበት አይደለም። «እኔ ምን አውቄ?» የሚለው መከላከያ ግን እውነተኛ ክብደት አለው፤ ዐቃቤ ሕጉ ማወቅዎን ማስረዳት አለበትና። ችግሩ፣ ማወቅ ከሁኔታዎች ሊገመት ይችላል፦ ደረሰኝ የለም፣ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፣ ሻጩ ምንጩን አይናገርም። ያ ሕግ ያልሆነ ጽሑፍ እዚህ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይመጣብዎታል። ስለዚህ ለጦሩ የሚያቀርቡት ፋብሪካዎች ለሲቪል ገበያ የሚያዘጋጁትን ስንቅ በደረሰኝ ቢገዙ ይሻልዎታል።