ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ቤት ጥበቃ

ቤት ለሰው ልጅ ከብርድ፥ ከዝናምና ከአውሬ መጠጊያ ነው። ነገር ግን ቤትም ራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የቤት ጠላቶች ብዙዎች ናቸው፤ ከላይ ዝናም፥ ከታች ርጥበት፥ ከውስጥ ጢስና ጥላሸት፥ ከየስንጥቁ ቁንጫና ትኋን፥ ከጓሮ ዝንብ ይመጡበታል። እነዚህ ጠላቶች በጦርና በጋሻ አይመለሱም፤ የሚመለሱት በመጥረጊያ፥ በውኃ፥ በዐመድና በፀሓይ ነው።

የነቀምቴ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት የሚዘንምባት ዝናም ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ውኃ ሳይፈስና ሳይደርቅ ባለበት ቢጠራቀም ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ነበር። የጊምቢ፥ የነጆ፥ የደምቢዶሎና የሻምቡ ክረምትም ረጅም ነው። ስለዚህ በወለጋ ከተሞች ቤትን መጠበቅ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው።

፩፤ ስለ ጣሪያ

አስተዋይ ሰው ክረምት ሳይገባ በመጋቢት ወር የቤቱን ጣሪያ ይመረምራል። ክዳኑ ሣር እንደ ሆነ፥ የሳሳውን ቦታ በአዲስ ሣር ይደርባል፤ ቆርቆሮ እንደ ሆነ፥ የላላውን ሚስማር ያጠብቃል፥ ዝገት የበላውንም ይለውጣል። ከዚያም በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቈፍራል። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሄጃ ካጣ ወደ ግድግዳው ሥር ይገባልና፥ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውንም እንጨት ምስጥ ይከተለዋል። በጊዜው ቢደፈን አንድ እፍኝ ሣር ይበቃው የነበረ ቀዳዳ፥ ብዙ ክረምት ቢተው ቤቱን በሙሉ ይጥላል። አበው፥ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ቃል ለእንዲህ ያለ ሥራ ይስማማል።

በነቀምቴ የሚገኘው የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ግቢ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ ታድሶም ቅርስ ሆኖ ተጠብቋል። የመሳፍንት ቤት እንኳ የሚጸናው በሚጠግኑት እጆች እንጂ በባለቤቱ ስም አይደለም።

፪፤ ስለ ወለል

ወለል በየማለዳው ይጠረጋል። ከመጥረግ በፊት ጥቂት ውኃ በእጅ ይረጫል፤ ያለዚያ አቧራው ይነሣና በምግብ፥ በልብስና በሕፃናት ዓይን ላይ ይቀመጣል። ጠራጊው ከውስጠኛው ጥግ ጀምሮ ወደ ደጅ ይጠርጋል፤ በአልጋና በዕቃ ሥር ያለውንም አይተውም፤ ቁንጫ የሚራባው ሰው በማያየው አቧራ ውስጥ ነውና።

የአፈር ወለል በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። ትኩስ የላም እበት በውኃ ይበጠበጣል፤ ጠጠሩና ሻካራው ገለባ ይለቀማል፤ ከዚያ በእጅ መዳፍ ስስ ሆኖ ይቀባል። በሩ ተከፍቶ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይረግጠውም። ሲደርቅ አቧራውን ይይዛል፥ ስንጥቁንም ይደፍናል። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና፥ ሳሙና ከሌለ በዐመድና በውኃ፥ ጥፍር ሳይቀር ይታጠባል።

ነገር ግን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በእበትና በአፈር ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ፥ በዓይን የማይታይ ሕዋስ ይገኛል። ስለዚህ እበት ለወለል እንጂ ለሰው ቍስል አይሆንም። ይልቁንም አዲስ በተወለደ ሕፃን እትብት ላይ እበትም ዐመድም ቅቤም ፈጽሞ አይደረግም። ከዚህ ልማድ የተነሣ ብዙ ሕፃናት ገና ስም ሳይወጣላቸው ሞተዋል። እናት በነፍሰ ጡርነቷ ጊዜ ብትከተብ፥ እትብቱም በአዲስና በንጹሕ ምላጭ ቢቈረጥ፥ ሕፃኑ ከዚህ ሞት ይጠበቃል።

፫፤ ስለ ምድጃና ስለ ዕቃ

ምድጃ የቤት ልብ ነው፤ ጢሱ ግን የዓይንና የሳንባ ጠላት ነው። በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን፥ እናቱ የምትተነፍሰውን ጢስ እርሱም ይተነፍሳል። ስለዚህ እንጨቱ በበጋ ተፈልጦ ከዝናም በተጠለለ ስፍራ ይደረደራል፤ ደረቅ እንጨት ከርጥቡ ይልቅ ጥቂት ይጨሳልና። ጢሱም እንዲወጣ በግድግዳው ላይ ከፍ ያለ መስኮት ይከፈታል። ሌሊት በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት አይተውም፤ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ በዚያ ቤት የተኛ ሰውም ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ዐመድ በከንቱ አይጣልም። በወንፊት የተነፋ ዐመድ በርጥብ ጨርቅ ተይዞ ድስትንና ብረትን ቢፈትጉበት ቅባቱን ያነሣል፥ ጥላሸቱንም ያለቅቃል። የእንጀራ ምጣድ ግን በውኃ አይታጠብም፤ የተወቀጠ የጎመን ዘር ተነስንሶበት በማሰሻ ይታሻል። የጠላ ጋን በኦሮምኛ ኤቢቻ በሚባለው በግራዋ ቅጠል ውስጡ ይታሻል፤ በብዙ ውኃም ይለቀለቃል። የወተት ቅል ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በወይራ ፍም ይታጠናል። ጢሱ ሽታውን ከማሳመሩ በላይ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። አያቶች ይህን ያደረጉት በዓይን የማይታዩትን ሕዋሳት ስላወቁ ሳይሆን፥ ያልታጠነ ቅል ወተት እንደሚያበላሽ በብዙ ዘመን ስላዩ ነው።

፬፤ ስለ ልብስ

ሳሙና ባልነበረበት ዘመን ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፤ የወለጋ ሰዎች አንዶዴ ይሉታል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፥ በውኃም ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል፤ ነጭ ሸማንም እጅግ ያነጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፍ ነውና፥ ነገሩን በብርቱ መረመሩ፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራም በ1989 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የብዙ ሊቃውንት ምርምር የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎች ሥራ ነበር። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፥ ለሰውም ሆድ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጣል፥ አጣቢውም ወደ ወንዝ አይደፋም።

ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይኖራል፤ ተስቦንና ግርሻንም ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ቅማል የገባበት ልብስ በፈላ ውኃ ይቀቀላል። አልጋና ምንጣፍ በበጋ በየሳምንቱ ወደ ደጅ ወጥተው በፀሓይ ይሰጣሉ፤ ትኋን በተሸሸገበትም የአልጋ ስንጥቅ የፈላ ውኃ ይፈስበታል።

፭፤ ስለ ውኃ፥ ስለ እህልና ስለ ጓሮ

የመጠጥ ውኃ እንስራ ክዳን ይኑረው፤ መቅጃውም እጀታ ያለው ይሁን፤ እጅ የገባበት ውኃ ንጹሕ አይደለምና። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ፈልቶና ቀዝቅዞ ይጠጣል።

በቆሎና ባቄላ በደንብ ሳይደርቁ ወደ ጎተራ አይገቡም፤ ርጥብ እህል ይሻግታልና። ከረጢትም በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። አንዳንድ ገበሬዎች ባቄላን ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው ያስቀምጣሉ፤ ደቃቁ ጤፍ በየፍሬው መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ ስለሚሞላው ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። በሚፈለግም ጊዜ በወንፊት ይለያሉ።

ጥራጊ በጓሮ ጉድጓድ ይጣላል፥ አፈርም ይለብሳል፤ ሲበሰብስ ለቡናና ለጎመን መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። መጸዳጃ ቤትም ከቤትና ከምንጭ ርቆ ይቈፈራል፥ ይከደናልም። በሜዳ ላይ ከቀረ እድፍ የሚነሣ ዝንብ በሕፃን ዓይን ላይ ያርፋል፤ የትራኮማንም በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ በብዙ ዓመት ዓይንን ያሳውራል። ፊቱን በየማለዳው የሚታጠብ ልጅ ዓይኑን ለእርጅናው ይጠብቃል።

፮፤ ስለ ግድግዳ

ግድግዳ በመጨረሻ የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል ስለሚሻ ነው። እንደ ቀድሞው ልማድ ግድግዳ ከጭድ ጋራ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ በዓል ሲደርስም ይታደሳል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ስንጥቁን ይደፍናል፥ ነፍሳትንም መደበቂያ ያሳጣል። ነገር ግን መልካም ሥራ ሁሉ ጊዜ አለው።

በደዴሳ ወንዝ አጠገብ፥ በቆላው በኩል፥ አንዲት እናት ከልጆችዋ ጋራ ትኖር ነበር። በክረምት የጤና ሠራተኞች መጥተው የቤቱን ግድግዳ የወባ ትንኝ በሚገድል መድኃኒት ረጩት። መድኃኒቱም ሲደርቅ ግድግዳው ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ። መስቀል በደረሰ ጊዜ እናቲቱ ጭቃ አቡክታ ግድግዳውን ልትመርግ ተነሣች።

ትልቋ ልጅ በትምህርት ቤት የተማረችውን አስታውሳ በትሕትና፥ «እናቴ ሆይ፥ ትንኝ ደማችንን ጠጥታ የምታርፈው በግድግዳው ላይ ነው፤ መድኃኒቱን በነካች ጊዜም ትሞታለች። መድኃኒቱ ከጭቃው በታች ከተቀበረ ግን ምን ይጠቅመናል?» አለቻት።

እናቲቱም፥ «እንግዶች ይህን ነጠብጣብ ሲያዩ ምን ይሉኛል? ቤቷን የማታጸዳ ሰነፍ ናት አይሉኝምን?» ብላ መለሰች።

ልጅቱም ዝም ብላ ወደ ታናሽ ወንድምዋ ተመለከተች። ያ ሕፃን ባለፈው ዓመት በወባ ታምሞ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲያቃጥለው፥ እናቱ ከአጠገቡ አልተኛችም ነበር። እናቲቱም የልጅዋን ዓይን ተከትላ ሕፃኑን አየችው፤ የያዘችውንም ጭቃ አስቀመጠች።

ከዚያም በኋላ ተካፍለው ሠሩ። በጭቃው የቤቱን ውጭ መረጉ፤ ወለሉን ለቀለቁ፤ ዕቃውን በዐመድ ፈተጉ፤ ጓሮውንም ጠረጉ። የውስጡን ግድግዳ ግን እጅ አላስነኩትም። በበዓሉ ቀን አንዲት ጎረቤት ነጠብጣቡን አይታ፥ «ይህን ለምን ተውሽው?» ብትል፥ እናቲቱ፥ «ይህ የልጄ ዘበኛ ነው፤ የመድኃኒቱ ወራት ሲያልፍ እመርገዋለሁ» አለቻት። ጎረቤቲቱም ወደ ቤቷ ስትመለስ ለራስዋ ግድግዳ ያቦካችውን ጭቃ ወደ ውጭው ግድግዳ አዞረችው።

፯፤ ስለ ሥራ ክፍፍል

ቤትን ማጽዳት የእናት ወይም የሴት ልጅ ሥራ ብቻ አይደለም። በቤቱ የሚበላና የሚተኛ ሁሉ ቤቱን መጠበቅ ይገባዋል። ወንድ ልጅ ውኃ ይቀዳል፥ ይጠርጋል፥ ቦይ ይቈፍራል፥ የራሱንም ልብስ ያጥባል፤ በዚህም ክብሩ አይቀንስም። ሥራው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ቢሠራ ቀላል ነው፤ ለበዓል ብቻ ቢቀመጥ ግን ሸክም ይሆናል።

ንጹሕ ቤት የሀብታም ብቻ አይደለም። ዐመድ፥ ፀሓይና ትጋት በድኻ ቤትም ይገኛሉ። ከአያቶች የተገኘውን ልማድ የሚያከብር ሰው መልካም ያደርጋል፤ ስለ ምን እንደሚደረግም የሚጠይቅ ሰው የበለጠ መልካም ያደርጋል። የወተት ቅሉን ያጥናል፤ እበትን ከሕፃን እትብት ይከለክላል፤ ለግድግዳውም ጊዜውን ይጠብቃል። ቤት የሚጸዳው እንግዳ አይቶ እንዲያመሰግን ሳይሆን፥ በውስጡ የሚኖሩት በጤና እንዲያድጉ ነው።

ጥያቄ

፩፤ የቤት ጠላቶች የተባሉት እነማን ናቸው?
፪፤ ከመጥረግ በፊት ውኃ የሚረጨው ስለ ምንድር ነው?
፫፤ እበት ለምን ይጠቅማል? በምን ላይስ ፈጽሞ አይደረግም?
፬፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ያዩት ነገር ምን ነበር?
፭፤ እናቲቱ የውስጡን ግድግዳ ሳትመርግ የተወችው ስለ ምንድር ነው?
፮፤ በቤትህ ወይም በቤትሽ ከሚሠራው ሥራ ነገ ጧት የትኛውን ለመሥራት ትችላላችሁ?