የብልት ኪንታሮት ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ

በአማርኛ «ኪንታሮት» የሚለው ቃል በፊንጢጣ አካባቢ የሚያብጡ የደም ሥሮችንም፣ በሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ምክንያት የሚወጣውን የቆዳ እባጭም ያመለክታል። ስለዚህ ታካሚው «ኪንታሮት አለብኝ» ባለ ጊዜ ሳይመረመር መድኃኒት ማዘዝ ለስሕተት ይዳርጋል። ምርመራው ውድ መሣሪያ አይሻም፤ በቂ ብርሃን፣ ጓንትና ገመናን የሚጠብቅ ክፍል ይበቁታል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛ ደረጃ ቂጥኝ የሚያስከትለው ጠፍጣፋና እርጥብ እባጭ ነው። ይህ በአሲድ ቢቃጠል በሽታው በሰውነት ውስጥ ይቀጥላል፤ መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። እንግዲህ የቂጥኝ የደም ምርመራ ከማናቸውም ቅባት መቅደም አለበት። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ሊቀርብ ይገባል፤ የመከላከል ዐቅም ሲዳከም እባጩ ይበዛል፣ ይመላለሳልም።

በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚሰጥ ሕክምና በሌለበት፣ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በባለሙያ እጅ በየሳምንቱ ይቀባል። በጥቂቱ ተቀብቶ እስኪደርቅ ታካሚው አይነሣም፤ ትርፉ በሳሙና ወይም በቤኪንግ ሶዳ ይመክናል። ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ፖዶፊሊን ግን ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለሌሎችም ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ መታጠብ አለበት። ሁለቱም እባጩን እንጂ ቫይረሱን አያጠፉም።

ሳምንታዊ ቀጠሮ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። እባጩ ትንሽና የማያስቸግር ከሆነ፣ አንዳንዱ በራሱ ስለሚጠፋ፣ በክትትል መጠበቅ በእኔ እይታ ቸልተኝነት አይደለም። ብዙውን ጊዜ መንሥኤ የሆኑት 6ኛና 11ኛ ዓይነት ቫይረሶች የማኅፀን በር ካንሰርን በዋናነት ከሚያመጡት ከ16ኛና ከ18ኛ እንደሚለዩም ለታካሚው ሊነገረው ይገባል።