የቆርቆሮ ክዳን ስንመርጥ

መንዝ ደጋ ነው። ሞላሌና አካባቢዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። ሌሊቱ ብርድ ነው። ክረምቱ ዝናብና በረዶ ነው። በጋው ደግሞ ነፋስ አለው። በእንዲህ ያለ አገር ክዳኑ ያልጠና ቤት ቤት አይባልም።

አባቶቻችን ግድግዳውን በድንጋይ ሠርተው ክዳኑን በጓሳ ሣር ይከድኑ ነበር። የጓሳው መሬት በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ዘመናት ሲጠበቅ የኖረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። የሣር ክዳን ሙቀት አለው። ግን እሳት ይፈራል፤ በየጊዜውም መጠገን ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው ወደ ቆርቆሮ ዞሯል። ቆርቆሮ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ገበሬው በሬ ወይም በግ ሸጦ ነው የሚገዛው። በሬውን ሸጦ የማይረባ ቆርቆሮ ከገዛ በሬውም የለ፣ ቤቱም የለ። እንግዲህ ከመግዛታችን በፊት ስለ ቆርቆሮ ማወቅ አለብን።

1. ቆርቆሮ ምንድን ነው?

ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው። ብረት ብቻውን ውሃ ሲነካው ይዝጋል። ስለዚህ በፋብሪካ ውስጥ ዚንክ የሚባል ማዕድን ይቀባል። ዚንኩ ለብረቱ እንደ ካባ ነው። ዝናቡና እርጥበቱ ቀድሞ የሚበላው ዚንኩን ነው። ዚንኩ እስኪያልቅ ድረስ ብረቱ ይድናል። ካባው ስስ ከሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ወፍራም ከሆነ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ቆርቆሮ ለምን ሞገድ ሞገድ ሆኖ ይሠራል? አንድ ወረቀት ያዙ። በአንድ ጫፉ ብትይዙት ይታጠፋል። ወረቀቱን እንደ ማራገቢያ እጥፍጥፍ አድርጋችሁ እንደገና ያዙት። አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቆርቆሮም ነገር እንዲሁ ነው። ሞገዱ ጉልበት ይሰጠዋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1829 በእንግሊዝ አገር ተጀመረ። በአገራችንም በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ከወደብ ማምጣት ቀለለ።

2. የቆርቆሮ ጠላቶች

የቆርቆሮ ትልቁ ጠላት ጨው ነው። እንደ ምጽዋ፣ አሰብና ጅቡቲ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል። ጨዉ ዚንኩን ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ቀለም የተቀባ ወይም አሉሚኒየም ያለበት ክዳን ቢመርጥ ይሻለዋል።

እኛ ከባሕር ሩቅ ነን። ነፋሳችን ጨው የለውም። ታዲያ የእኛ ቆርቆሮ ጠላት የለውም ማለት ነው? አለው! ጠላቱ ያለው ከውጭ ሳይሆን ከቤት ውስጥ ነው። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ከሽንትና ከእበት የሚነሳው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። የምድጃው ጭስም ይወጣል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ከሥሩ ይንጠባጠባል። ይህ የቆሸሸ ውሃ ዚንኩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ የከብቱን ማደሪያና ማድቤቱን ከመኖሪያው መለየት ለሰው ጤናም፣ ለቆርቆሮውም ዕድሜ ይበጃል። እነዚህ ሁለቱ በሣር ቢከደኑ ነውር የለውም።

3. ወፍራሙን ወይስ ስሱን?

ቆርቆሮ በቁጥር ይሸጣል። 28፣ 30፣ 32፣ 35 ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ስስ ነው፤ 28 ወፍራም ነው።

ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። ሁለቱም በግ ሸጡና ገበያ ወጡ። ታናሹ ስሱን ቆርቆሮ አነሳ።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ርካሽ ነው። ደሞ እንዴት ያበራል!» አለ።

«የሚያበራውስ ሁሉም አዲስ ሲሆን ነው። እስቲ ሚዛን ላይ እናውጣው» አለ ታላቁ።

ሁለቱን ቆርቆሮዎች አስመዘኑ። ርዝመታቸውና ስፋታቸው እኩል ነው። የአንዱ ክብደት ግን በለጠ።

«አየህ? ከባዱ ወፍራሙ ነው» አለ ታላቁ።

ታናሹ አልሰማም። ስሱን ገዛና መኖሪያውንም፣ ማድቤቱንም፣ ጋጣውንም ከደነ። ታላቁ ወፍራሙን ገዛ። ገንዘቡ የበቃው ለመኖሪያው ብቻ ነበር። ሐምሌ ላይ በረዶ ወረደ፤ የታናሹ ቆርቆሮ ጎደጎደ። በበጋ ነፋስ ተነሳ፤ አራቱን ቆርቆሮ ገንጥሎ ማሳ ላይ ጣላቸው። ታላቁ መጥቶ አብሮት ለቀመ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

4. ስንገዛና ስንመታ

ሀ. ቁጥሩን ጠይቁ፤ በሚዛንም አመሳክሩ።

ለ. ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የያዘ ቆርቆሮ አትግዙ። ተደራርቦ ሳለ ዝናብ ነክቶት ዚንኩ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ከገዛችሁም በኋላ በደረቅ ቦታ አኑሩት። መሬት ለመሬት አትጎትቱት።

ሐ. ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጉብታ ላይ ነው። ውሃ የሚወርደው በዝቅተኛው ቦይ ስለሆነ፣ ቦዩ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ጎማ ይግባበት።

መ. የሣር ክዳን በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ቆርቆሮ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ስለዚህ የጣሪያውን እንጨት ከግድግዳው ጋር በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩ። የቆርቆሮው መደራረቢያ ጫፍም ነፋስ ወደሚመጣበት አይዙር።

ሠ. ቆርቆሮ ብርድ አይከላከልም። ከሥሩ ኮርኒስ አብጁለት። ንጹሕ ከረጢት ሰፍቶ መወጠርም ይጠቅማል። ኮርኒሱ ግን ከእሳት ይራቅ።

5. ስንት ቆርቆሮ ይበቃናል?

ክብ ቤት በቆርቆሮ ሲከደን ብዙ ቁራጭ ይባክናል። ለቆርቆሮ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ይሻላል። አንድ ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በጎን ሲደራረብ 80 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ክዳኑ 6 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው በአንድ ረድፍ 8 ቆርቆሮ ይገባል። ከላይ ወደ ታች ሁለት ረድፍ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ፣ 3 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ ለአንዱ ወገን 16፣ ለሁለቱ ወገን 32 ቆርቆሮ ያስፈልጋል።

ቆርቆሮ ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ክዳን 40 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብበት 400 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህም 20 ጀሪካን ማለት ነው። ጥቂቱ ቢፈስ እንኳ አሸንዳና በርሜል ያለው ቤት ሴቶችንና ልጆችን ከብዙ መንገድ ያሳርፋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ስለሚያጥብ ያ ውሃ ይደፋ።

ቤት የሚሠራው ለአንድ ክረምት አይደለም። ገንዘቡ ካነሰን ሁሉንም በስሱ ከመከደን መኖሪያውን ብቻ በወፍራሙ እንክደን። የቀረው ለከርሞ ይደርሳል።

ጥያቄዎች

1. 28 ቁጥርና 35 ቁጥር ቆርቆሮ ቢቀርቡላችሁ የትኛው ወፍራም ነው?
2. ቁጥሩ ባይታወቅ በምን ትለያላችሁ?
3. ከብት በሚያድርበት ቤት ቆርቆሮ ቶሎ የሚበላው ለምንድን ነው?
4. የክዳኑ ርዝመት 8 ሜትር ቢሆን፣ በየወገኑ ሁለት ረድፍ ቢመታ፣ ለሁለቱ ወገን ስንት ቆርቆሮ ያስፈልጋል? አስሉና ጻፉ።
5. በመንደራችሁ ነፋስ ከየት ወገን ይበረታል? ተወያዩበት።